ብሔራዊ መታወቂያ ላይ ብሔር የለም

የፋይዳ መታወቂያ ምዝገባ ከተስፋፋ ወዲህ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይሰማል። ባንክ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳ ሲጠየቅ፣ ሲም ካርድ ሲወጣ፣ ወረፋ ላይ ሰው ሲያወራ ይነሳል። «ብሔራዊ መታወቂያ ከተባለ ብሔሬን ሊመዘግብ ነው ማለት ነው?» ይላል አንዱ። ሌላው በተቃራኒው ይጠይቃል፦ «ብሔር የማይጽፍ መታወቂያ ምኑን ብሔራዊ ሆነ?»

መልሱ አጭር ነው። ፋይዳ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ጾታ፣ አድራሻ፣ የጣት አሻራና የመሳሰለውን ይወስዳል እንጂ ብሔር አይጠይቅም። «ብሔራዊ» የተባለው አገር አቀፍ ስለሆነ ነው። ብዙ ሰው ለዓመታት ይዞት የኖረው የቀበሌ መታወቂያ ግን በብዙ ቦታ «ብሔር» የሚል መስመር ነበረው። ብሔራዊ የሚባለው ብሔር አይጽፍም፣ የቀበሌ የሚባለው ይጽፍ ነበር። ስለዚህ ግራ መጋባቱ የሚያስወቅስ አይደለም። ጥያቄው የመጣው ከቃሉ ነው። «ብሔር» እና «ብሔራዊ» ከአንድ ግንድ የበቀሉ ናቸው፤ ዛሬ ግን አንዱ ወደ አንድ ወገን፣ ሌላው ወደ ሌላ ወገን ይጠቁማሉ።

ይህ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ ቢሆን ለቋንቋ መምህራን ትተነው እንሄድ ነበር። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ የሚከፈተው በዚህ ቃል ነው። ክርክራችንም በብዛት የሚጋጋለው በእሱ ዙሪያ ነው። ሁለት ሰዎች አንዱን ቃል እየተጠቀሙ ሁለት ነገር ሲያስቡ ክርክሩ ማለቂያ አይኖረውም።

መሬት የነበረው ቃል

በግዕዝ ብሔር ማለት አገር፣ ምድር፣ አውራጃ፣ ስፍራ ማለት ነው። ሰፋ ሲል ዓለምንም ይጨምራል። በየቀኑ የምንጠራው «እግዚአብሔር» ራሱ «እግዚእ» እና «ብሔር» ተጋጥመው የተሠራ ነው፤ የምድር ጌታ፣ የዓለም ጌታ ማለት ነው። ሄኖክና ኤልያስ ተወሰዱበት የሚባለው ብሔረ ሕያዋን የሕያዋን አገር ነው። ብሔረ ብፁዓን የብፁዓን አገር ነው። የጥንቷ ኢትዮጵያ አንዱ መጠሪያ የሆነው ብሔረ አግዓዚም የአግዓዝያን አገር ነው።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። አዲስ አበባ ውስጥ ብሔረ ጽጌ የሚባለውን ሰፈርና መናፈሻ ሁሉም ያውቀዋል። ብሔረ ጽጌ የአበባ አገር ነው። እዚያ ስም ውስጥ ስለ ዘርም ሆነ ስለ ቋንቋ የሚናገር ነገር የለም። ቃሉ በአሮጌ ትርጉሙ ሕይወቱን ይዞ የታክሲ ረዳት ሲጠራው ይውላል።

ከዓረብኛ ጋር ያለው ዝምድናም ሊነሳ ይገባል። በዓረብኛ «ባሕር» እንደኛው ባሕር ነው። ግን በጥንቱ ዓረብኛ «ባሕራ» የሚል ቃል ነበረ፤ ትርጉሙም ከተማ፣ አገር፣ ምድር ነው። በሐዲስ፣ ማለትም በነቢዩ መሐመድ ንግግሮች ስብስብ፣ መዲናን ለማመልከት ገብቷል። ይህን ቃል ከግዕዙ ብሔር ጋር የሚያዛምዱ የቋንቋ ሰዎች አሉ። ዝምድናው እውነት ከሆነ ቃሉ በሁለቱም ወገን መነሻው መሬት ነው።

እዚህ ላይ ስለ «ብሔረሰብ» አንድ ነገር ልጨምር። አሠራሩ ከ«ቤተሰብ» እና ከ«ኅብረተሰብ» ጋር አንድ ነው፤ መጨረሻው «ሰብእ»፣ ሰው ማለት ነው። በግዕዝ ሰዋስው ካየነው «ብሔረ ሰብእ» የሰዎች አገር ይሆናል። የአገር ሰው ለማለት ቢፈለግ ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ «ሰብአ ብሔር» በተባለ ነበር። ቃሉን የቀረጹት ሰዎች ግን ሰዋስው አላስጨነቃቸውም። እነሱ የሚፈልጉት ለአንድ የውጭ ቃል የሚሆን አቻ ነበር።

ልደት የነበረው ቃል

ያ የውጭ ቃል በእንግሊዝኛ «ኔሽን»፣ በፈረንሳይኛ «ናሲዮን»፣ በሩሲያኛ «ናጺያ» ይባላል። ሁሉም የመጡት ከላቲኑ «ናቲዮ» ነው። «ናቲዮ» ደግሞ መወለድ ከሚለው ግስ የወጣ ነው። የእኛው ቃል ከመሬት ሲነሳ የእነሱ ከልደት ተነሳ። ሁለቱ ገና ሳይገናኙ መነሻቸው የተለያየ ነበር።

በአውሮፓም ቃሉ አንድ ቦታ አልቆመም። በመካከለኛው ዘመን በፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪና መምህር በአራት «ናሲዮን» ይከፈል ነበር፦ የፈረንሳይ፣ የፒካርዲ፣ የኖርማንዲና የእንግሊዝ። ያኔ ቃሉ ከአንድ አካባቢ የመጡ ሰዎች ማኅበር ማለት ነበር። የዛሬ አንባቢ የአገር ልጆች ዕድር ብሎ ቢያስበው ብዙም አይሳሳትም። እ.ኤ.አ. በ1789 የፈረንሳይ አብዮት ሲመጣ ያው ቃል የሥልጣን ባለቤት ሆነ። በአንድ ሕግ ሥር የሚኖሩና በአንድ ምክር ቤት የሚወከሉ ዜጎች በሙሉ «ናሲዮን» ተባሉ። በጀርመን ደግሞ ገና አንድ መንግሥት ስላልነበረ አሳቢዎቹ ወደ ቋንቋና ባህል አዘነበሉ። እዚያ አንድ ሕዝብ መንግሥት ሳይኖረውም «ናሲዮን» ሊባል ቻለ።

ለእኛ ወሳኙ ግን የምሥራቁ መንገድ ነው። ስታሊን እ.ኤ.አ. በ1913 ለቃሉ ብያኔ ሰጠ። በእሱ አባባል ኔሽን ማለት በታሪክ ሂደት የተፈጠረ ጽኑ የሰዎች ማኅበረሰብ ነው፤ የጋራ ቋንቋ፣ የጋራ ግዛት፣ የጋራ የኢኮኖሚ ሕይወትና በባህል የሚገለጽ የጋራ ሥነ ልቦና አለው። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ኔሽን አይባልም። ከዚህ ደረጃ ያልደረሱት በሶቪየት አነጋገር ሌላ ስም ተሰጣቸው። ኔሽን ከላይ፣ ሌሎቹ ከታች የሚቀመጡበት የደረጃ መሰላል እንዲህ ተዘረጋ።

ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1932 የአገር ውስጥ ፓስፖርት ስታወጣ «ናጺዮናልኖስት» የሚል መስመር አስገባች። ሰውየው በዜግነት ሶቪየታዊ፣ በዚህ መስመር ደግሞ ኡዝቤክ፣ አርመን ወይም አይሁድ ይሆናል። ሩሲያ መስመሩን ከፓስፖርቷ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ቅጽ ላይ ግን የዚያው ቃል ዘመድ የሚጠይቀው ዜግነትን ነው። ለንደን ላይ «ናሽናሊቲ» ሲባል የፓስፖርትህ አገር ማለት ነው፤ ሞስኮ ላይ የወላጆችህ ማንነት ማለት ነበር። የእኛ የቀበሌ መታወቂያ መስመር የሚመስለው የሞስኮውን ነው።

ሁለቱ የተገናኙበት ዘመን

በ1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኮንን በተማሪዎች መጽሔት ላይ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ያወጣው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ነበር። ኢትዮጵያ ገና አንድ ኔሽን እንዳልሆነች፣ የየራሳቸው ቋንቋ፣ ታሪክና ግዛት ባላቸው ብሔረሰቦች የተሠራች እንደሆነች ተከራከረ። ይህን ዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ ስናመጣው ችግሩ ፊት ለፊት ይታያል። «ኢትዮጵያ ብሔር አይደለችም» ይሆናል። የግራ ፖለቲካውን ጽሑፍ ላነበበ ወጣት ግልጽ አባባል ነው። ግዕዝ ለሚያውቅ ቄስ ግን «ኢትዮጵያ አገር አይደለችም» ማለት ነው። በዚያ ዘመን በአንድ ቤት ውስጥ አባትና ልጅ በዚህ ቃል ሳይግባቡ ቢቀሩ አይገርምም።

ከዚያ በኋላ ቃሉ በመንግሥት ሰነድ ውስጥ ቦታውን ያዘ። የደርግ የ1968 ዓ.ም. የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ለብሔረሰቦች የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት እንደሚሰጥ አወጀ። በ1975 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ጥናት ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። የ1968ቱን ርዕስ ልብ በሉት፦ ራሱ ፕሮግራሙ «ብሔራዊ» ነው፣ ማለትም አገር አቀፍ፤ ውስጡ የሚናገረው ግን ስለ ብሔረሰቦች ነው። ሁለቱ ትርጉሞች ያኔም በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ነበሩ። በ1983 ዓ.ም. የሽግግሩ ቻርተር ሲጸድቅ ደግሞ «ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች» የሚለው ሦስትዮሽ ገባ።

ታዲያ «ብሔራዊ» ለምን አብሮ አልተለወጠም? ቀድሞ ሥራ ስለያዘ ይመስለኛል። ብሔራዊ ባንክ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ቅጽሉ በገንዘብ ኖት፣ በሕንፃና በማኅተም ላይ ተቀመጠ። ብሔራዊ መዝሙር፣ ብሔራዊ ቡድን፣ ብሔራዊ ቴአትር ተባለ። ረዳቱ «ብሔራዊ! ብሔራዊ!» እያለ ሲጮህ ስለ ሰፈር ነው የሚያወራው። የተቋም ስም ደግሞ እንደ ጨርቅ ቶሎ አይቀየርም። ስለዚህ ስሙ ከመሬት ወደ ሰው ሲሻገር ቅጽሉ መሬቱ ላይ ቀረ። ዛሬ «ብሔርተኛ» ስንል አገሩን አብልጦ የሚወድ ነው ወይስ የራሱን ማኅበረሰብ የሚያስቀድም? አረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሳንሰማ አናውቅም።

የሌሎች ቋንቋዎች ተመሳሳይ ዕጣ

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በዓረብኛ «ሚላ» ማለት ሃይማኖት፣ የእምነት መንገድ ነው። በኦቶማን ዘመን «ሚሌት» የሃይማኖት ማኅበረሰቦች መጠሪያ ሆነ፤ ኦርቶዶክሱ አንድ ሚሌት፣ አርመኑ አንድ ሚሌት፣ አይሁዱ አንድ ሚሌት። ቱርክ እ.ኤ.አ. በ1920 ምክር ቤት ስታቋቁም «ታላቁ የሚሌት ምክር ቤት» አለችው። አሁን ትርጉሙ አገራዊው ሕዝብ በሙሉ ነው። በፋርስኛም «ሜላት» እንደዚሁ ሆኗል፤ የኢራን «ባንክ ሜሊ» ስሙ ሲተረጎም ብሔራዊ ባንክ ነው። ሃይማኖት የነበረው ቃል አገር ሆነ።

ከሁሉም የሚያስደንቀው ግን የ«ጣኢፋ» ታሪክ ነው። በዓረብኛ ጣኢፋ ማለት ወገን፣ ቡድን፣ የእምነት ክፍል ነው። ከሱ የወጣው «ጣኢፊያ» በሊባኖስና በኢራቅ ፖለቲካ አገር የሚከፋፍል የእምነት ወገንተኝነት ማለት ነው፤ ሰው በምሬት የሚናገረው ቃል ነው። ያው ቃል በንግድ መንገድ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ተሻገረ። በስዋሂሊ «ታይፋ» ሆነ፤ ትርጉሙም አገር፣ አንድ የሆነ ሕዝብ ነው። የታንዛንያ ብሔራዊ ቡድን «ታይፋ ስታርስ» ይባላል። ቤይሩት ላይ የመከፋፈል ስም የሆነው ዳሬሰላም ላይ በአንድነት የሚጨበጨብለት ስም ነው።

«ቀውሚያ»ም እንዲሁ ነው። በዓረቡ ዓለም ከሞሮኮ እስከ ኢራቅ ያለውን ዓረብ አንድ የሚያደርግ ሰፊ አስተሳሰብ ማለት ነው። በሶማልኛ ግን «ቀውሚያድ» ሲባል የእኛው ብሔረሰብ ነው። አንዱ ያሰፋዋል፣ ሌላው ያጠበዋል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ «ሕዝብ»ን እናገኛለን። በዓረብኛ የሥር ዘመዱ «ሒዝብ» ሲሆን የፖለቲካ ፓርቲ ማለት ነው። በሊባኖስ ያለውን ድርጅት ስም የሰማ ሁሉ ያውቀዋል፤ «ሒዝቡላህ» የአምላክ ፓርቲ ማለት ነው። ለእኛ ሕዝብ ሁሉም ነው፣ ለእነሱ ሒዝብ ከሁሉም አንዱ ክፍል ነው። በአፋን ኦሮሞ የሕገ መንግሥቱ ሦስትዮሽ «ሰባ፣ ሰብላሚ፣ ኡመታ» ይባላል። «ኡመታ» የዓረብኛው «ኡማ»፣ ማለትም ሕዝብ ወይም የአማኞች ማኅበረሰብ የሚለው ቃል ነው። ኤርትራ ውስጥ በትግርኛ «ብሄር» ለየማኅበረሰቡ ሲውል አገር አቀፉ ነገር «ሃገራዊ» ተብሏል፤ ውትድርናው ሳይቀር «ሃገራዊ ኣገልግሎት» ነው። እዚያ ሁለቱ ትርጉሞች ሁለት ቃል አግኝተዋል።

ሕጉ ቃሉን እንዴት ያዘው

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 5 ብያኔ ይሰጣል። የሚገርመው ብያኔው አንድ ነው፣ ስሞቹ ሦስት ናቸው። ብሔር፣ ብሔረሰብ፣ ሕዝብ ሁሉም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይተረጎማሉ። ሰፋ ያለ የጋራ ባህል ወይም ተመሳሳይ ልምዶች፣ የሚግባቡበት የጋራ ቋንቋ፣ የጋራ ወይም የተዛመደ ህልውና አለን ብሎ ማመን፣ የሥነ ልቦና አንድነት፣ በአብዛኛው የተያያዘ መልክዓ ምድር።

ከ1913ቱ የስታሊን ብያኔ ጋር ስናስተያየው ሁለት ነገር ጎልቶ ይታያል። የጋራ የኢኮኖሚ ሕይወት የሚለው ወጥቷል። በምትኩ «ብለው የሚያምኑ» የሚል ገብቷል። ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም። ሰዎቹ ስለ ራሳቸው የሚያምኑት ነገር የብያኔው አካል ሆነ ማለት ነው። ስልጤዎች በ1993 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ከጉራጌ የተለየ ማንነት እንዳላቸው ሲያረጋግጡ የሠራው ይህ ሐሳብ ነው። የተጠየቁት ስለ ራሳቸው ምን እንደሚያምኑ ነው፤ መልሱንም የሰጡት እነሱ ናቸው።

መሰላሉም ፈርሷል። አንቀጽ 39 መብት ሲሰጥ «ማንኛውም ብሔር፣ ብሔረሰብ፣ ሕዝብ» እያለ ነው። ስለዚህ «እኛ ብሔር ነን፣ እነሱ ብሔረሰብ ናቸው» የሚለው የደረጃ ክርክር ከብያኔው ድጋፍ አያገኝም። አንድ ክፍተት ግን አለ። አንቀጽ 61 በፌዴሬሽን ምክር ቤት ለሁሉም ቢያንስ አንድ ወንበር ይሰጥና ለእያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ሰው አንድ ወንበር ሲጨምር «ብሔር ወይም ብሔረሰብ» ይላል፤ ሕዝብን አይጠቅስም። በብያኔው እኩል የሆኑት ሦስቱ እዚህ ለምን እንደተለዩ ከጽሑፉ አይታይም።

የእንግሊዝኛው ቅጂ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በመግቢያው ብሔረሰብን «ናሽናሊቲ» ብሎ ተርጉሞ፣ ስለ ዜግነት የሚናገረውን አንቀጽ 6ንም ያንኑ «ናሽናሊቲ» ብሎታል። አንድ ቃል በአንድ ሰነድ ውስጥ የሞስኮውንም የለንደኑንም ትርጉም ይዟል። ደግነቱ አንቀጽ 106 የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ መሆኑን ደንግጓል። እዚያ ብሔረሰብና ዜግነት ለየብቻ ቆመዋል።

ሁለቱ ክርክሮች

አንደኛው ወገን እንዲህ ይላል። ብሔር አገር ማለት ነበር፤ ለማኅበረሰብ መስጠቱ የትርጉም ስህተት ነው። ስህተቱም ጉዳት አምጥቷል፤ እያንዳንዱ ማኅበረሰብ የራሱ መሬት ያለው አገር እንደሆነ እንዲያስብ አድርጓል። በዚህ ክርክር ውስጥ ቁም ነገር አለ። የቃሉ አሮጌ ትርጉም ከአዲሱ ሥር እንደተቀበረ ፍም ሊኖር ይችላል። ብሔርና መሬት በአእምሯችን ቶሎ የሚገናኙት በከፊል በዚህ ይሆናል።

ሌላው ወገን ደግሞ ቃል ይሄዳል ይላል። ሚሌት ሄዷል፣ ታይፋ ሄዷል። የእኛው «ዜጋ» በጎንደር ዘመን ሰነዶች የባለ ርስት ጥገኛ ማለት ነበር፤ ዛሬ የመብት ባለቤት ሆኗል፣ ማንም ወደ ድሮው እንመልሰው አይልም። ደግሞስ በብሔር ፋንታ ምን እንበል? «ጎሳ» ከአፋን ኦሮሞ የመጣ ሲሆን እዚያ የዘር ሐረግ ክፍል ማለት ነው፤ ሚሊዮኖችን ጎሳ ማለት ብዙዎችን ያስቀይማል፣ መጠኑንም ይስታል። «ነገድ»ም የመጽሐፍ ቅዱስ ጠረን አለው። ብሔር የሚለው ስም ተናጋሪዎቹ ራሳቸውን የሚጠሩበት የክብር ስም ሆኗል።

ለእኔ ሁለተኛው ክርክር በቋንቋ ረገድ ይበልጣል። አንድ ቃል ዛሬ ምን ማለት እንደሆነ የሚወስነው የዛሬ ተናጋሪው ነው። ያ ማለት ግን የመጀመሪያው ወገን ሥጋት ባዶ ነው ማለት አይደለም። መሬትና ማንነት እንዴት ይያያዙ የሚለው ከባድ የፖለቲካ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ከመዝገበ ቃላት አይወጣም። ግዕዝ ጠቅሶ የሌላውን መብት መካድ አይቻልም፤ ቃሉ ሕገ መንግሥት ውስጥ ስላለ ብቻም የወሰን ጥያቄ አይፈታም።

ቅጽ ፊት ሲቆሙ

በስደት ያሉ ወገኖቻችን ይህን ልዩነት በየቅጹ ያገኙታል። ሪያድ ወይም ዱባይ ላይ የመኖሪያ ፈቃድ ላይ «ጂንሲያ» ይጠየቃል። ሥሩ «ጂንስ» ነው፤ ዓይነት ወይም ጾታ ማለት ነው፣ ከግሪኩ «ጌኖስ» የመጣ። መልሱ ግን ኢትዮጵያዊ ነው። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ዜግነቱንም ብሔሩንም ለየብቻ ሊጠየቅ ይችላል። አስተርጓሚው «ናሽናሊቲ»ን «ብሔር» ብሎ ቢተረጉምለት ሰውየው ኢትዮጵያዊ በማለት ፋንታ ኦሮሞ ወይም አማራ ብሎ ይመልሳል። ቀላል የሚመስል ስህተት ነው፤ መልሶች ካልተገጣጠሙ ግን የሰውየው ቃል አይታመንም። ለአስተርጓሚዎች ቀላሉ መንገድ «ናሽናሊቲ» ሲባል በመጀመሪያ «ዜግነት» ብሎ መጀመር፣ ካላስኬደ ጠያቂውን ማስገለጽ ነው።

በእስራኤል ነገሩ ሌላ መልክ አለው። እዚያ ዜግነት አንድ ነገር ነው፣ «ልኦም» የሚባለው ሌላ። ከኢትዮጵያ የሄደ ቤተ እስራኤላዊ በዜግነት እስራኤላዊ፣ በልኦም አይሁድ ተብሎ ይመዘገባል። የልኦም መስመር ዛሬ በካርዱ ላይ ባይታተምም በሕዝብ መዝገቡ ውስጥ አለ። ልኦማችን «እስራኤላዊ» ተብሎ ይመዝገብልን ብለው የተከራከሩ ዜጎች ነበሩ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ጥያቄያቸውን አልተቀበለም። እዚያ ያለው ክርክር ከእኛው ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ለማየት የመስመሩን ስም «ብሔር» ብሎ ማንበብ ይበቃል።

በአገር ቤት ደግሞ ቅጽሉ ቀስ እያለ መንቀሳቀስ የጀመረ ይመስላል። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የተቋቋመው ኮሚሽን በእንግሊዝኛ «ናሽናል» ሲባል በአማርኛ «የኢትዮጵያ ሀገራዊ ምክክር ኮሚሽን» ነው። «ብሔራዊ» አልተባለም። አዳዲስ ስሞች ላይ «ሀገራዊ» እየበዛ ነው። ምርጫ ቦርዱ፣ ባንኩና መታወቂያው ግን አሁንም ብሔራዊ ናቸው።